የዘንድሮ ጨዋታዎቼና አንድ የድሮ

ደብረ ታቦር፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዮናስ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔም እማዬም ደህና ነን። ባዩ ድንቹን አራግፎ ነገ ጠዋት ወደ ጉና ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። አንተ ያለህበት ኔትወርክ የለም፤ እዚህም ያለው እንደሌለ ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮው በወረቀት እንነጋገር።

ተማሪዎችህ የኔታ እያሉ አንቱ ይሉሃል። አገሩም አንቱ ይልሃል። እኔ ግን በአንድ ዓመት ስለምበልጥህ አንተ ማለቴን አልተውኩም፤ እስከምትመነኩስ ድረስም አልተውም። የምትመነኩስበት ቀን መስከረም ሃያ አንድ ነው ብለህ ጽፈህልኛል። ዛሬ ስቆጥረው ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የዓመቱን ምርጥ ጨዋታዎቼን እንድጽፍልህ ያዘዝከኝ አንተ ነህ። ጉና ላይ በቀረህ በመጀመሪያው ዓመት በሰው እጅ ብጣሽ ወረቀት ላክህልኝ፤ "ዘንድሮ ምን ተጫወትክ? ከአምስት እስከ አንድ ጻፍልኝ" ይላል። መብራት በሌለበት፣ ቴሌቪዥን በሌለበት አገር ተቀምጠህ ያላየኸውን ጨዋታ ትተቻለህ። አንዴማ ሦስተኛ ያልኩትን አንደኛ መሆን ነበረበት ብለህ ሁለት ገጽ ተከራከርከኝ። ልክ ነበርክ፤ ያኔ ግን አላመንኩልህም።

የዘንድሮው ዘጠነኛው ዝርዝር ነው። ከጨዋታው ሌላ የምነግርህ ነገር አለ። ስለ ዕጣው ነው፤ ከመመንኮስህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር ነው። የምጽፈው አንደኛው ላይ ስደርስ ነው። ከላይ ብጀምረው የቀረውን እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው እንጂ አንተን ለማንጠልጠል አይደለም።

አምስተኛ የጭነት መኪና ጨዋታ ነው። ከአንድ የፈረንጅ ከተማ ወደ ሌላው ጭነት ታደርሳለህ፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ማንም አያሳድድህም፣ ማንም አይተኩስብህም። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው፤ ኬላ የለም፣ ዛሬ መንገድ ተዘግቷል ብሎ የሚመልስህ የለም፣ "ወንድሜ፣ እስከ ገሳይ ጣለኝ" የሚልም የለም። የመጀመሪያ ሰሞን ደስ አለኝ። በኋላ ግን ያን ሁሉ መንገድ ነድቼ አንድ ሰው እንኳ እጁን ሳያነሣልኝ ሲቀር ቅር አለኝ። የሠራው ሰው ከገሳይ ነፋስ መውጫ አንድ ጊዜ ነድቶ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ጥቂት በግ መንገዱ ላይ ያስተኛ ነበር። ቢሆንም አምስተኛ ይገባዋል። ሱቅ ውስጥ ሰው በማይመጣበት ሰዓት ሐሳብ ያስረሳል።

አራተኛው እርሻ ነው። አትሳቅ። ገብስ በአራት ቀን ይደርሳል፤ በረዶ የለበትም፣ ዋግ የለበትም። እማዬ ዱካዋን ስባ ከጎኔ ትቀመጥና ታየዋለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን እየተጫወትኩ ሳለ ጠየቀችኝ።

"በሬው የት አለ?"

"በሬ የለውም እማዬ። በዶማ ነው የሚቆፍረው።"

"ስንቴ አረሰው?"

"አንዴ።"

"አንዴ አርሶ ገብስ ሊዘራበት?" ነጠላዋን አስተካከለች። "ይህስ ሰነፍ ሰው ነው። አባታችሁ እንኳ የቤተ ክህነት ሰው ሆነው ሦስቴ ነበር የሚያርሱት።"

ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ እያዘዘችኝ ሦስቴ አርሳለሁ። ጨዋታው ልዩነቱን አያውቅም፤ አንዴም አረስክ ሦስቴ የሚገኘው ምርት ያው ነው። ይህን ግን አልነገርኳትም። በምርቱ ደስ እያላት "አላልኩህም?" ትለኛለች፤ እኔም ልክ ነሽ እላታለሁ።

ሦስተኛው አንድ ሰው ገደል የሚወጣበት ነው። ሰውዬው በሁለት እጁ ብቻ ነው የሚወጣው፤ አንዱን ስትለቅ በሌላው ትይዛለህ። ከተሳሳትክ ካቆምክበት አትቀጥልም፣ ከታች ከወንዙ ዳር እንደገና ትጀምራለህ። በሚያዝያ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ከስልኬ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ጫንኩት። እስካሁን አልጨረስኩትም። የወደድኩለት ስለማያባብልህ ነው፤ ስትወድቅ "አይዞህ" አይልህም፣ ስትወጣም አያጨበጭብልህም። አንተ ብትጫወተው በሁለት ቀን ትጨርሰው ነበር፤ እጅህ አይቸኩልም።

ሁለተኛ የለም። ባዶ ተወው። ከሰኔ ወዲህ ከአንዱ ጨዋታና ከእማዬ እርሻ በቀር ሌላ ስላልነካሁ እዚህ ላይ የማስቀምጠው አጣሁ።

አንደኛው ታምራት ጌም ቤት የነበረው የድሮው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ታስታውሰዋለህ። ከገበያው በላይ ባለው ቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ያበጠ ቴሌቪዥን የነበረበት ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አብዛኛውን አንተም ታውቀዋለህ። ታገሠኝና አንብበው፤ እኔ ከተቀመጥኩበት በኩል አይተኸው አታውቅም።

ክረምቱ የ2008 ነበር። የሁለታችንም ውጤት መጥቶ፣ ሁለታችንም ባሕር ዳር ተመድበን ነበር። የኔታ ደረታቸውን ታመው ተኝተዋል። (አባታችንን የኔታ እንደምንል ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፤ ፊደልም ዜማም ያስተማሩንን ሰው ሌላ ምን ልንል ነበር?) አልጋቸው አጠገብ ጠርተውን የተናገሩት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። "ወንበሬ ባዶ አይቅር። ከሁለታችሁ አንዱ ይቀመጥበታል፣ አንዱ ወርዶ ይማራል። እኔ አልመርጥም፤ ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። ሦስት ቀን ጸልዩና በእግዚአብሔር ፊት ዕጣ ጣሉ።"

ታላቁ እኔ ነኝ። ዕጣም ሳያስፈልግ "እኔ እቀራለሁ" ማለት ነበረብኝ። በባትሪ ድንጋይና በሽቦ ራዲዮ የምታስጮህ አንተ ነበርክ፤ የጎረቤቱን ሁሉ ባትሪ የምትጠግን አንተ። እኔ መሄድ የፈለግኩት ከብርዱና ከማኅሌቱ ለመሸሽ ነው። ምን መማር እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ልንገዛ ወረድን። ዝናብ ያዘንና ታምራት ቤት ገባን።

"ዕጣውን እዚሁ እንጣለው" አልኩህ።

"እዚህ? በምን?"

"በአንድ ጨዋታ። ወረቀቱንስ ቢሆን የሰው እጅ አይደል የሚያወጣው? እግዚአብሔር ወረቀቱን ከመራ ኳሷን መምራት አያቅተውም።"

ዝናቡን ስታይ ቆየህ። "እሺ" አልክ። "የተሸነፈ ወንበሩን ይይዛል።"

አግዳሚው ላይ ሁለት ጆይስቲክ ነበር፤ አንዱ ደህናው፣ አንዱ ሰማያዊ ፕላስተር የተጠቀለለበት። ፕላስተር ያለበት አንድ ቁልፉ እንደሚይዝ፣ ሲጫኑት ቶሎ እንደማይመለስ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የቱ ቁልፍ እንደሆነ ማንም በትክክል አይናገርም ነበር፤ ተራው የደረሰ ሰው ዝም ብሎ ደህናውን ይቀማል። እኔም ደህናውን አነሣሁ። የወንድማማቾች ቀልድ አልነበረም፤ አውቄ፣ አስቤ ነው ያነሣሁት። አንተ ሌላውን ያዝክ።

አንድ ለአንድ ወጣን። የእኔ ጎል የገባችው በመጨረሻው ላይ አጥቂዬን ልትደርስበት ስላልቻልክ ነው። ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን። አራት አራት አገባን። አምስተኛዬን አገባሁ። ያንተ አምስተኛ ከጎሉ አግዳሚ በላይ ሄደ። ጆይስቲኩን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ "በቃ፣ ዕጣው ወጣ" አልክ። ከዚያ መድኃኒቱን ገዝተን ተመለስን።

"ዕጣ ጣላችሁ?" አሉ የኔታ።

"ጥለናል።" የመለስኩት እኔ ነኝ።

"በማን ወጣ?"

"በዮናስ።"

ራስህን ይዘው ግንባርህን ሳሙህ። "እግዚአብሔር የመረጠው ነው" አሉ። በጥቅምት ዐረፉ። እኔ በኅዳር ባሕር ዳር ገባሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማምነው አንድ ነገር ነበር። የያዘው የመምቻው ቁልፍ ነው፤ አንተ ስትለቀው እሱ ስላልተመለሰ ኳሷ ወደ ላይ ሄደች። ስለዚህ ሌባ ነኝ። ይህን ይዤ ተማርኩ፣ ይዤ ተመረቅኩ። እማዬ "ኢንጂነሩ" ትለኛለች፤ እኔ የምውለው የስልክ ባትሪ ስቀይርና የቻርጀር ቀዳዳ ስጠርግ ነው። አንተ ብትሆን ከዚህ የተሻለ ነገር ትሠራበት ነበር። ይህን ሳስብ አፍራለሁ፤ በየጳጉሜኑ ከአምስት እስከ አንድ እየቆጠርኩ ስጽፍልህም አፍር ነበር።

በሰኔ ታምራት ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ አንበሳሜ ሊሄድ ሲነሣ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ "ለመለዋወጫ ይሁንህ" ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ከውስጡ ሰማያዊው ወጣ። ፕላስተሩ ተላልጧል። ረፋድ ላይ ነበር፤ ደንበኛ አልነበረም። መፍቻ አንሥቼ ከፈትኩት።

አንድ የቆሎ ገለፈት ነው፣ ዮናስ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የሚሸሸው በአንዲት የገብስ ቆሎ ገለፈት ምክንያት ነበር። አንዱ እየተጫወተ ሲቆረጥም ገብታ ይሆናል። ያለችው ግን መምቻው ሥር አይደለም። ተጫዋቹን የሚያስሮጠው ቁልፍ ሥር ነው። አጥቂዬን መድረስ ያቃተህ ለዚህ ነው፤ እዚያ ላይ በድዬሃለሁ። መምቻው ግን ንጹሕ ነው፤ በፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ የሚሮጥ ሰው የለም።

ካለችበት ሳላነሣት መልሼ ገጠምኩትና አብሮ የመጣውን ማሽን አስነሣሁ። ሃያ ፍጹም ቅጣት ምት መታሁ። አሥራ ሰባቱ ገባ፣ ሦስቱን በረኛው ያዘ። ከአግዳሚው በላይ የሄደ አንድም አልነበረም። ወደ ላይ ለመስደድ ቁልፉን ተጭነህ መቆየት አለብህ፤ ሞክሬዋለሁ፣ "አንድ፣ ሁለት" እስክትል ድረስ ነው። አንተ ደግሞ በዚያ ቤት ስትጫወት ፍጹም ቅጣት ምት ስትሰቅል ያየህ ሰው የለም።

ሐምሌን በሙሉ እሱን ብቻ ተጫወትኩ። ያንን አንድ ምት ነው የምጫወተው። የዓመቱ አንደኛ ያልኩህ ይህን ነው።

አንዳንድ ቀን ሆን ብለህ ነው የሰደድካት እላለሁ። ደህናውን ሳነሣ አይተኸኛል፤ መሄድ እንደምፈልግ አውቀህ ለቀቅክልኝ። ወይም ያን ወንበር እኔ ሳላውቅ ትፈልገው ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ ቁልፉን ከልክ በላይ ያዝከው፤ በቃ፣ ሳትካት እላለሁ። ጆይስቲኩን ከፍቼ ማየት ችያለሁ፤ ያንተን ልብ ግን ከዚህ ሆኜ አላየውም።

በነሐሴ የላክኸው ደብዳቤ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። "ዕጣ የወጣብኝ ሰው ነኝና እስከ መጨረሻው ልሂድበት" ብለህ ነው የጻፍከው። ወንበሩን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ነገ ለሌላ ሰው አስረክበህ መውረድ ትችላለህ። ምንኩስና ግን መመለሻ የለውም። ተገንዘህ ፍትሐት ይጸለይልሃል፤ ለዓለም ሞተሃል ተብሎ ትነሣለህ። እኔ ባመጣሁት ዕጣ፣ እኔ በመረጥኩት ጆይስቲክ፣ ታምራት ቤት በተመታች ኳስ።

ለእማዬ ነገርኳት። እርሻውን እየተጫወትን ነበር። "እማዬ፣ እኔና ዮናስ ዕጣ አልጣልንም" ብዬ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ቴሌቪዥኑን እንዳጠፋው በእጇ አመለከተችኝ።

"አባታችሁ ይህን ሳያውቁ ነው የሞቱት?"

"አዎ።"

"እኔስ ሳላውቅ ልሞት ኖሯል?"

"ይቅር በይኝ እማዬ።"

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እሱ ነው እንጂ የሚገነዘው። ለእሱ ንገረው" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ራቴን ስታቀርብ "ጻፍክለት?" አለች። ዛሬ ጠዋትም ጠይቃኛለች።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሆን ብለህ ነው ወይስ ስተህ?

ሆን ብዬ ነው ካልከኝ ወንበሩን የመረጥክ አንተ ነህ፤ ዕጣም እኔም የለንበትም። በእጄ ያለው ጥፋት ለየኔታ የተናገርኩት ውሸት ብቻ ይሆናል፤ እሱን ለንስሐ አባቴ እወስደዋለሁ። መስከረም ሃያ አንድ ቀን ከእማዬ ጎን ቆሜ ስትገነዝ አያለሁ። አለቅሳለሁ፤ ግን አልከለክልህም።

ስቼ ነው ካልከኝ ወንበሩን እኔ እይዛለሁ። አትሳቅ፣ ይህም ከእርሻው አይብስም። ከነሐሴ ጀምሮ በየማለዳው ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እዚህ ካሉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ጾመ ድጓውን እንደገና እያልኩ ነው። ድምፄ ሻክሯል። የማውቀው እንኳ ጠፍቶብኛል፤ ሕፃናቱ ከእኔ ይሻላሉ። የአንተ ተማሪዎች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፍጅ፣ እማራለሁ። የሱቁ ቁልፍ፣ መፍቻዎቹ፣ ጠረጴዛው ያንተ ናቸው። በሃያ ሰባት ዓመት ለመማር አይረፍድም፤ የማታ ክፍል አለ። ሴት ልጅ አግብተህ እማዬን አያት ታደርጋት ይሆናል፤ በእኔስ ተስፋ ቆርጣለች።

ይህን የምለው ለመታረቅ ብዬ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ማለት የነበረብኝን አሁን ማለቴ ነው። እፈራለሁ፤ ብርዱንም ማኅሌቱንም አሁንም እፈራለሁ። ከእነሱ ይልቅ ግን አንተ ባልመረጥከው መንገድ ላይ "አባ" ብዬ መጥራቴን እፈራለሁ።

ጆይስቲኩን በባዩ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ትንሿ መፍቻም አብራው አለች። ገለፈቷን አላነሣኋትም። ራስህ ክፈተውና የቱ ቁልፍ ሥር እንዳለች እይ፤ መክፈት ከድሮም ያንተ ሥራ ነበር።

መልሱን በወረቀት አትላክልኝ። መስከረም አሥራ ዘጠኝ ከእማዬ ጋር ወደ ላይ እንወጣለን፤ በቅሎ ባዩ አዘጋጅቶላታል። በዚያ ቀን ከጉባኤ ቤቱ በታች እስከ ምንጩ አብረን እንወርዳለን። እዚያ፣ ሰው በሌለበት፣ አንተ ማለት ሳይከለከልብኝ ንገረኝ።

ታላቅ ወንድምህ
ይሻው ገብረየሱስ